ከሰዓት በኋላ፣ በምሥራቅ በኩል

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። መንገዱ ሁሉ የሚጠራት «እትዬ ምንድነው» እያለ ነው። ስሙ የወጣላት ገና በወጣትነቷ ነው፤ አንድ ሰው ዕቃ ተሸክሞ በደጇ ካለፈ «ምንድነው?» ሳትል አታሳልፈውም። ጎረቤት ሲጣላ «ምንድነው?»፣ የማታውቀው መኪና ሲቆም «ምንድነው?»፣ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው መንገድ ላይ ቆመው ሲስቁ ደግሞ መርፌዋን እንደያዘች ብቅ ትልና «ምንድነው ልጆቼ? እኔም ልሳቅ እንጂ!» ትላለች። ታዲያ የሰማችውን ወስዳ ሌላ ቦታ አትዘራም፤ ማወቁ ብቻ ይበቃታል። ይህ ብርቅ ጠባይ ነው፤ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ለማውራት ነውና።

ሥራዋ ልብስ መጥቀም ነው። ልብስ ሰፊ ያላት ሰው ወዲያው ይታረማል። ሰፊ አዲስ ልብስ ያወጣል፤ እሷ ግን የተቀደደውን፣ ብል የበላውን፣ ሲጋራ የበሳውን በቀጭን መርፌ ጠቀም ጠቀም አድርጋ ምንም እንዳልነካው ታደርገዋለች። «የሰፊ ሥራ ሲታይ ያምራል፤ የእኔ ሥራ ከታየ ተበላሽቷል ማለት ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። በዚያች ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ እጇ ያልነካው ኮት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የትኛው ጋ እንደነካው ባለቤቱ ራሱ ቢፈልግ አያገኘውም።

የምትሠራበት ክፍል በአሮጌው ዋና መንገድ ላይ ነው። አንድ ሰፊ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጎን የደንበኛ በርጩማ፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ ክሮቿ የተደረደሩበት መደርደሪያ። ጥቁር ክር አንድ ዓይነት ብቻ የሚመስለው ሰው እዚያ ገብቶ ይይ፤ ወደ ቡና ዓይነት የሚያደላ ጥቁር፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር፣ አርጅቶ አመድ መምሰል የጀመረ ጥቁር፣ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። መስኮቱ የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ክር የምትመርጠው ጠዋት፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትገባ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ቤቱ ጀርባ ስትዞር ክፍሉ ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ ጠዋት በመረጠችው ክር ትሠራለች እንጂ አዲስ ክር አትመርጥም።

አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ያሉት ዝቅ ዝቅ ያሉ ሱቆች ፈረሱና ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። መሀል ከተማው ሊታደስ ነው ተባለ። የእግረኛው መንገድ ንጣፍ ተነቅሎ እንደገና ተነጠፈ፣ የመብራት ምሰሶ ተተከለ፣ በእንጨት የተደገፉ ችግኞች በየሜትሩ ቆሙ። ጎረቤቶቿ አቧራውን እየጠረጉ አማረሩ። እሷ ግን ደስ አላት፤ ምን ታድርግ፣ ከደጇ እስከ ማዶ የሚጠየቅ ነገር ሞላ። በቆርቆሮው ላይ ሚስማር የበሳውን ቀዳዳ አግኝታ ዓይኗን እየደቀነች ጉድጓዱን፣ ብረቱን፣ አርማታ ሲፈስ ታይ ነበር። ቀዳዳዋን ሰው እንዳይደፍንባት ዘበኛውን ለምናለች፤ ቀዳዳ በመድፈን የምትኖር ሴት ቀዳዳ እንዳይደፈን ስትለምን ማየት መቼም ያስቃል።

አንድ ጥያቄ ብቻ መልስ አጣባት፤ ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው?

ዘበኛው ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ብረት አሳሪዎቹ አራት አሏት። የሲሚንቶ መኪናው ሹፌር «ኧረ ስምንት ነው የሚባለው» አለ። ፎርማኑ ደግሞ ሳቀባት።

«እማማ፣ ለምን ፈለጉት? ሊከራዩ ነው?»

«የለም ልጄ፣ ፀሐዬ በየት በኩል እንደምታልፍ ላውቅ ነው።»

ቀልድ መስሎት ሄደ። ቀልድ ግን አልነበረም። ከልጇ ጋር ውል ነበራት።

ልጇ አንድ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በመዝገብ ቤት ትሠራለች፣ ከባሏ ጋር ከከተማው ዳር በአዲሱ ሰፈር ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት እናቷ ያለበሰቻት አመድማ የሱፍ ካፖርት አላት፤ ስንት ዓመት አልፎት እስካሁን አልጣለችውም። «በቤታችን አዲስ ሆኖ የገባ ልብስ እሱ ብቻ ነው» እያለች ለባሏ ትተርክለታለች። ይህች ልጅ ለእናቷ በቤቷ አንድ ክፍል አዘጋጅታ ዘወትር «ይበቃሻል እማዬ፣ ነይና አርፈሽ ተቀመጪ» ትላለች። ክፍሉ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አለው፤ በመስኮቱ የሚታየው ግን ገና ያልተሠራበት ባዶ ቦታ ነው። ሰው አያልፍበትም። እትዬ ምንድነው አንድ ጊዜ ሄዳ አይታው ስትመለስ «ምን ብዬ ልጠይቅ፣ ማንን ልጠይቅ?» ብላ ነበር። ይሁን እንጂ የልጇ ጭቅጭቅ ሲበዛባት «ይኼ ሕንፃ ፀሐዬን የጋረደ ዕለት የሥራ ክፍሌን ቁልፍ ትወስጃለሽ» አለቻት። ያኔ የሚሠራው አራት ፎቅ ይመስላት ነበር።

አራተኛው አለቀ። የጠዋቷ ፀሐይ ዘግይታም ቢሆን በላዩ ተሻግራ ገባች። አምስተኛው ተጀመረ፤ ፀሐይዋ በጎን በኩል በጠባቡ እየሾለከች አንድ ሁለት ክር ለመምረጥ ያህል ቆየችላት። ስድስተኛው ሲያልቅ ጠዋት ቀረ። ክሬኑ ሲነሣ ፎርማኑ ከማዶ ሆኖ ጣቶቹን አሳያት፤ ስድስት። በመጨረሻ መልስ አገኘች፤ ደስ ግን አላላትም።

ለማንም ሳትናገር አምፖል አበራች። አምፖሉ ቢጫ ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ክርኑ የተበሳ ጥቁር ኮት አምጥቶላት በአምፖል ክር መርጣ ጠቀመችው። በማግሥቱ ሰውየው ኮቱን ለብሶ መጣ፤ አልተቆጣም።

«እትዬ፣ ደጅ ስወጣ ተማሪዎቼ ሰማያዊ ትል ተጣብቆብዎታል አሉኝ።»

ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ኮቱን ይዛ ወደ ደጅ ወጣችና አየችው፤ ጥቁር ያለችው ክር ሰማያዊ ነበር። ጆሮዋ ድረስ አፈረች። ፈትታ እንደገና ሠራችለት፤ ገንዘብም አልተቀበለችም። ከዚያ ስልኩን አንሥታ ለልጇ «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነይ፣ ቁልፉን ውሰጂ» አለቻት። ልጅቷ በደስታ ጮኸች። እናት ስልኩን ዘግታ ብዙ ሰዓት ቁጭ አለች።

በዚያው ሳምንት የሕንፃው ፊት በመስታወት ተሸፈነ። መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ስለነበር ከማዶ ሲታይ ትልቅ ካርቶን ይመስላል። ልማድ አይለቅምና ወጥታ ጠየቀች።

«ወረቀቱ ምንድነው?»

«እንዳይጫር ነው እማማ፤ ቅዳሜ ይላጣል» አለ ፎርማኑ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የክር ጥቅሎቿን ከመደርደሪያው እያወረደች በካርቶን ትከት ጀመር። ብርዳም ነፋስ ቢነፍስም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከማዶ ሠራተኞቹ በገመድ ተንጠልጥለው ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ይልጣሉ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታለች። ድንገት የእጇ ጥላ ግድግዳው ላይ አረፈ።

ዞር አለች። ፀሐይዋ ከቤቱ ጀርባ በምዕራብ ናት፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ብርሃኑ ግን ከምሥራቅ፣ ከዚያ ካኮረፈችው ሕንፃ መስታወት ነጥሮ፣ በመስኮቷ ቀጥ ብሎ ገብቷል። በዚህ ክፍል ከሰዓት በኋላ ብርሃን ገብቶ አያውቅም።

«ምንድነው?» አለች፤ የሚመልስላት ሰው ግን አልነበረም።

እጇን ብርሃኑ ውስጥ አስገባች። ነጭ ብርሃን አይደለም፤ ወደ ውኃ ሰማያዊ ያደላል፤ መስታወቱ ቀለም አለው። አንድ ጥቁር ጥቅል አንሥታ ከሌላ ጥቁር አጠገብ ያዘችው። በጠዋት ፀሐይ መንታ የሚመስሉት ሁለቱ ጥቁሮች አሁን ፈጽሞ አልተዋወቁም። አንዱ ቀልቶ ታያት፣ ሌላው አረንጓዴ ለበሰ። ይህን ያህል ዓመት በአንድ ብርሃን ስትሠራ ሌላም ብርሃን እንዳለ ማን ነገራት?

ከዚያ ወደ መንገዱ አየች። የእሷ በኩል ያለው የእግረኛ መንገድ በቤቶቹ ጥላ ውስጥ ነው፤ የሚያበራው የመስታወቱ ብርሃን ብቻ ነው። መጽሐፍ ሻጩ አለፈ፤ ጉልበቱ ላይ ክብ ምልክት አለ። እሷ የጠቀመችው ነው! አንዲት ተማሪ አለፈች፤ ትከሻዋ ላይ እንደ ቅጠል ጅማት የተዘረጋ መስመር አለ። እሱም የእሷ ነው። የፋርማሲው ባለሙያ ኪስ፣ የጡረተኛው ዳኛ የኮት ጠርዝ፣ የዚያ መምህር ክርን ላይ ሳይቀር በሚገባ የጠቀመችው ሁለተኛው ስፌት፤ ሁሉም ወጥቶ ይታያል። ማንም ልብ አላለም፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሕንፃው ሰቅሏል። እሷ ብቻ ደጃፉን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ጉዴ ፈላ አለች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። የዕድሜዋን ሥራ እንዲህ አንድ ላይ በእግሩ ሲሄድ አይታው አታውቅም ነበር።

ልጇ ከማዶ ተሻግራ መጣች፤ ብርድ ስለነበር አመድማ ካፖርቷን ለብሳለች።

«እማዬ፣ ዕቃሽን ጨረስሽ?» አለችና ለመሳም ጎንበስ አለች። እናት ግን አልሳመቻትም፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ግቢ፣ ግቢ ወደ ውስጥ፤ ይበርድሻል።»

«ምን ሆንሽ?»

ገቡ። ውስጡም ብርሃን ነው፤ መደበቂያ የለም። ልጅቷ ካርቶኑን ለማንሣት ስትዞር ደንበኞች ራሳቸውን በሚያዩበት፣ በበሩ ጀርባ በተሰቀለው መስታወት ጀርባዋን አየችው። ከአንገት ሥር ተነሥቶ እስከ ወገቧ የወረደ ረጅም ጠባሳ ካፖርቱን ለሁለት ከፍሎታል። እጇን ወደ ኋላ አዙራ ዳሰሰችው። ሲዳሰስ ምንም የለም።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድነው?»

ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ጥያቄ ለሰው ስትወረውር የኖረች ሴት ዛሬ ራሷ ተጠየቀች። ጥላ ነው ልትል ፈለገች። አልቻለችም።

«ጠቀም ጠቀም ያደረግሁት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከጀርባው የተተረተረ ነበር። የልባሽ ጨርቅ ሻጩ ለወለል መወልወያ ሊያደርገው ነበር።»

«አዲስ ነው አላልሽኝም?»

«ላንቺ አዲስ ነበር፣ ልጄ። እኩዮችሽ ፊት አንገትሽን እንድትደፊ አልፈለግሁም። የመግቢያሽ ቀን እስኪደርስ ክረምቱን ሙሉ ሠራሁት።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየች፤ መጽሐፍ ሻጩ እየተመለሰ ነበር፤ ጉልበቱን ተከትላ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ሌላውን አየች። ከዚያ ሌላውን። ዓይኗ እንባ ሞላ።

እናቷ መርፌ እየፈለገች «አውልቂው እስኪ» አለች። «ለዚህኛው ብርሃን የሚሆን ክር ሳይኖረኝ አይቀርም። እንዳይታይ አደርገዋለሁ።»

«አትንኪው!»

ድምፅዋ ስለጎላ ሁለቱም ደነገጡ። ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ካርቶኑን ወደ ራሷ ስባ ከላይ ያለውን የክር ጥቅል አወጣች።

«ይኼኛው ቦታው የት ነበር?»

እትዬ ምንድነው በሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አየች፤ ልጇን አየች።

«ዱሮ እዚያ ከጥቁሮቹ ጋር ነበር። አሁን እንጃ። ወደ ብርሃኑ አምጪው እንየው።»

ብርሃኑ መስታወቱን እስኪለቅ ድረስ እናትና ልጅ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ጥቅል እያነሡ «ይኼስ ምንድነው?» እየተባባሉ መደርደሪያውን እንደ አዲስ ሞሉት። የክፍሉ ሙቀት እየጨመረ ነበር፤ ልጅቷ ግን ካፖርቷን አላወለቀችም።