ጋሼ ሙሌ የነገረኝ ወደብ

ልጅ ሆኜ የማውቀው የወንድሜ ሽታ የወለል ሳሙና ሽታ ነው። ጋሼ ሙሌ ኤርፖርት ያጸዳ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጀርመን አገር፣ ጋሉስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ትራም ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ በሚንቀጠቀጥበት ቤት፣ ያሳደገኝ እሱ ነው። አሁን የለም። ይህን ልጻፈው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የባልቲክ ባሕር ወደቦችን በዕጣ አከፋፈለችን። እያንዳንዳችን ክፍሉ ፊት ቆመን ስለ ደረሰን ከተማ ሬፈራት ልናቀርብ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ሮድቢሀቨን የሚባል ትንሽ የዴንማርክ ወደብ ነበር። መጽሐፉ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። ለጋሼ ሙሌ ስነግረው ከሥራ ገብቶ ጫማ እያወለቀ ነበር። አንዱን አውልቆ ቆም አለ።

"እኔን ጠይቀኝ። እዚያ ባቡሩ ከነሰዉ መርከብ ሆድ ውስጥ ይገባል።"

"ክቫትሽ! ውሸት!"

"የሄድኩት እኔ ነኝ አንተ?"

ደብተሬ ላይ ካርታ ሣለልኝ። ከተማዋ ሣር የበቀለበት ረጅም የአፈር ግድብ ሥር ነው ያለችው። ከግድቡ ወዲያ ባሕር ነው፤ መሬቱ ከባሕሩ ዝቅ ይላል። ድሮ በማዕበል ባሕሩ ገብቶ ብዙ ሰው ስለጨረሰ ነው ግድቡን የሠሩት። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሮድቢ የምትባል የጥንት ወደብ አለች። ውኃዋን አድርቀው እርሻ ሲያደርጉት፣ ባሕር የሌላት ወደብ ሆና ቀረች። መርከቡ ሁሉ ወደ አዲሷ ዞረ።

ይህን ሁሉ የነገሩት ምግብ ያመጡለት የነበሩ አዛውንት ናቸው። ወረቀት ስላልነበረው ፖሊስ ከባቡሩ አውርዶት፣ ወደ ጀርመን እስኪመልሱት ዘጠኝ ቀን እዚያ ቆይቷል።

"ይኼን ግን ክፍል ውስጥ እንዳታወራ፣ እሺ ማሙሽ?" አለኝ።

ምክንያቱን አውቅ ነበር። ሰብለን ሊያገባ ለአባቷ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቷ ድሮ ለትምህርት የመጡ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እሱም በትምህርት እንደመጣ ነግሯቸዋል። የሰብለ ታናሽ እህት ሊያ ደግሞ የክፍሌ ልጅ ናት።

ሬፈራቱን ሳቀርብ ማንም አልሰማኝም። አንዱ ያዛጋል፣ አንዷ መስኮት ታያለች። መምህሯ፣ "ስለ ግድቡ ከየት አገኘኸው?" አለችኝ።

"ወንድሜ እዚያ በፖሊስ ተይዞ ነበር" አልኩ።

ጭንቅላቱ ሁሉ ቀና አለ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ጨመርኩበት፤ በካቴና አስረውት ነበር አልኩ። ሊያ ከፊት ወንበር አፏን ከፍታ ታየኛለች። ከሁሉም የበለጠውን ማርክ አገኘሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ እምቢታ ይዘው ተመለሱ። አባትየው፣ "እጁ ካቴና ውስጥ ለገባ ሰው ልጄን አልሰጥም" ብለዋል። ጋሼ ሙሌ ዞሮ አየኝ።

"ካቴና እንኳን አልነበረም" አለ። ተነስቶ እራቴን አቀረበልኝ። ፓስታውን በሹካዬ ሳገላብጠው፣ "ብላ እንጂ" ይለኛል። ምናለ ያን ቀን በመታኝ።

ዘንድሮ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ እኔን አዘዙኝ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ ኤርፖርቱን፣ እኔን ማሳደጉን ጻፍኩ። ዴንማርክን ዘለልኳት። ቢያንስ አሁን ቃሉን ልጠብቅለት ብዬ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን ሰብለ መጣች። አግብታለች፤ ልጇን በእጇ ይዛለች።

"ሮድቢሀቨንን ለምን ተውካት?" አለችኝ።

"ታውቂ ነበር እንዴ?"

"መጀመሪያ ያጫወተኝ የዚያችን ወደብ ታሪክ ነው። ያላወቀው አባቴ ነበር። ግድቡ ላይ ወጥቶ ባሕሩን ያየ ቀን፣ 'ወንድሜን ከአገር ቤት ወደ እኔ አመጣዋለሁ' ብሎ ለራሱ እንደማለ ነግሮኛል። ዛሬ ታነበዋለህ ብዬ እኮ ነው የጠበቅኩት።"

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሠላሳ ልጅ ፊት አፌን መያዝ አቃተኝ። አሁን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ የሚወደው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ወረቀቱ በእጄ ሆኖ፣ እኔ በወንድሜ አፈርኩ።