የኦቦ መርከብ ፊሽካ

ባለፈው ሰሞን የእናቴን ቁም ሳጥን ሳራግፍ ከአባቴ ካፖርት ኪስ ውስጥ ፊሽካው ወጣ። ቀጭን የነሐስ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ሽንብራ የምታክል ድቡልቡል ነገር አለችው። ከንፈሬ ላይ አስጠጋሁት። ቅዝቃዜውና ጨው ጨው የሚለው ጣዕሙ ሲነካኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። አልነፋሁትም። እንዴት ብዬ?

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል የበታች ሹም ነበር። እኔ የማውቀው ግን ሱሉልታ ውስጥ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲጠግን ነው። ሰፈርተኛው «ኦቦ መርከብ»፣ አቶ መርከብ እንደ ማለት፣ ይለዋል። ክረምት ገብቶ ሜዳው ውሃ ሲያቁር፣ እህል ሊያስፈጩ የሚመጡት ሴቶች «ኦቦ መርከብ፣ ባሕርዎ መጣልዎት እኮ!» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ፊሽካውን ግን ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቅሎት ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። እኛ ደግሞ ልጆች ነን፤ እሱ ወፍጮ ቤት ሲውል ከወንድሜ ጋር ጓሮ ወስደን ነፍተነዋል። ጆሮ የሚበሳ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ ነበረው።

አንድ ቀን ወንድሜ ለትምህርት ቤት የኳስ ጨዋታ ካልወሰድኩት ብሎ ድርቅ አለ። ታሪኩን የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

«ሁላችንም ዓይናችን ባሕሩ ላይ ነበር» አለ አባቴ። ጠላትን በባሕር ሲጠብቁት በጀርባቸው፣ በየብስ መጣባቸው። ገና ሊነጋ ሲል ነው፤ ሰው ተኝቷል። ተረኛው አባቴ ነበር። አደጋ ሲመጣ ተረኛው ፊሽካ ነፍቶ ሰውን ግቢው መሃል ይሰበስባል፤ ደንቡ ነው። ነፋ። ምግብ አብሳዩ እጁ ላይ ሊጥ እንደተለጠፈ መጣ። የሬዲዮው ልጅ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ መጣ። የመድፉ ጥይት ያረፈው እነሱ የተሰበሰቡበት ላይ ነው።

«እኔ ጠርቻቸው ነው የመጡት» አለንና የሞተር መፍቻውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ፊሽካውን አንሥቶ አያውቅም።

አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያሰፋ በነበረው ማስተር ፕላን የተነሣው ረብሻ እስከ ክረምት ዘልቆ ነበር። ትምህርት ተዘግቷል፤ ወጣቱ በየቀኑ የጎጃምን መንገድ ይዘጋል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ የታጠበ ልብስ ላይ ሳይቀር ያድራል። አስፋልቱ ላይ ምን እየሆነ ነው ብሎ አንገቱን የማያሰግግ ሰው አልነበረም። አባቴ ብቻ ወንበሩን ወደ ጓሮው መስኮት፣ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ አዙሮ ይቀመጥ ነበር። እናቴ «ከዚያ በኩል ማን ይመጣብሃል?» ትለዋለች።

አንድ ዕለት ወንድሜ ዳቦ ልገዛ ነው ብሎ ወጣ። ዳቦ! ሰፈሩ ውስጥ የተከፈተ ሱቅ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ረፋዱ ላይ የከባድ መኪና ድምፅ ሰማን፤ ወዲያው ተኩስ ተከተለ። ጩኸቱ መጀመሪያ ከአስፋልቱ መጣ፤ ቆይቶ ወደ ጓሮአችን ዞረ። ልጆቹ ወደ ጫካው ሸሽተዋል። ወታደሮቹም ተከትለዋቸዋል። ከሜዳው የተነሣው ጉም ከአስለቃሽ ጭሱ ጋር ተደባልቆ ውጭው እንደ አንሶላ ነጭ ሆነ። የራሳችን አጥር እንኳ አይታይም። ረግረጉ ውስጥ የሚወድቅ፣ የሚነሣ፣ የሚያለቅስ ሰው ይሰማል።

አባቴ በሩን ቀርቅሮ ፍራሹን መስኮቱ ላይ አቆመው፤ እኔንና እናቴን መሬት ላይ አስቀመጠን። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አሁንም ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲንኳኳ እንደዚያን ቀን ምላሴ ይደርቃል።

«ኢልማ ኮ! ልጄ!» አለች እናቴ። «ውጭ ነው እኮ። ቤቱ የት እንዳለ አያይም። ወጥቼ ልጥራው!»

«ስሙን ከጠራሽ እነሱም ይሰሙታል።»

«እንግዲያው ፊሽካውን ንፋ። ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እሱ ግን ያውቀዋል።»

አባቴ ምስማሩን አየ።

«እኔ ስጠራው የመጣ ሰው ሞቷል» አላት።

«ካልጠራኸውስ?»

ተኩሱ እየቀረበ መጣ። አባቴ ፊሽካውን ከምስማሩ አውርዶ በሩን ገርበብ አደረገና ነፋ። ድምፁ ጉሙን ሰንጥቆ ወጣ፤ ወደ ታች ወረደ፤ ቆመ። ምንም የለም። ዳግመኛ ነፋ። ጥይት ከጣራችን በላይ አፏጭታ አለፈች፤ እናቴ አፏን በነጠላዋ አፈነች። ከዚያ ጭቃ ውስጥ የሚሮጥ እግር ሰማን፤ ወንድሜም ከነጩ ውስጥ ወጣ። ዓይኑ አብጧል፤ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቷል።

አባቴ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን ዳበሰው። ደም የለም። እግሩ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀና ብሎ ፊሽካውን እንደገና አፉ ላይ አደረገና ወደ ጉሙ ነፋ።

«አባዬ፣ ገባሁ እኮ!» አለ ወንድሜ። «በሩን ዝጋው፤ እየመጡ ነው!»

«ምግብ አብሳዩስ?» አለ አባቴ። «ሊጥ ይዞ ነበር። ሌሎቹስ?»

እናቴ ልትናገር ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ወንድሜ በዓይኑ ከለከላት። ያ ችኩል፣ ያ አፈኛ ወንድሜ፣ የአባቴን ክንድ ቀስ ብሎ ያዘ።

«ገብተዋል፣ አባዬ። ሁሉም ገብተዋል። እኔ የመጨረሻው ነኝ።»

አባቴ ጉሙን ትንሽ አየው። ፊሽካውን ካፖርቱ ኪስ ከተተና በሩን ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ምስማሩ ላይ አልመለሰውም፤ እኔም ባለፈው ሰሞን ሳገኘው እዚያው ኪሱ ውስጥ መልሼ ካፖርቱን አጠፍሁት።