የቁልቁለቱ ወገን

አጎቴ፣ ደቦ በተጠራ ቁጥር፣ የሚይዙት የቁልቁለቱን ወገን ነበር። ሸክም የሚያጋድለው ወደዚያ ነው።

የቡ በምትባለው ትንሽ ከተማ መንገድ ሊወጣበት የነበረ የአንዲት መበለት ጎጆ ክዳኑ እንዳለ ተነስቶ ሲዛወር፣ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ፊሊፒንሳዊ የኮሌጅ መምህር አብሮን ሄዶ ነበር። "በእኛም አገር ጎረቤት ተሰብስቦ ቤት ይሸከማል፤ ባያኒሃን እንለዋለን" አለ።

"ደቦ ነዋ" አሉ አጎቴ፤ ከቁልቁለቱ በኩልም ትከሻቸውን ሰጡ።

ማታ ወገባቸውን ሳሽላቸው፣ "ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ለሌላ ሰው ቢተዉትስ?" አልኳቸው።

"ለማን ልተወው? ሁሉም ደክሞታል" አሉኝ።

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ እኔም ከለቅሶው ድካም ገና አልወጣሁም። ባለፈው ቅዳሜ ሞታቸውን ያልሰማ ሰው ከየቡ መጥቶ አንኳኳ።

"ጋሼ አሉ? ነገ የጎረቤታችንን ክዳን እናነሳለን።"

ማረፋቸውን ነገርኩት። "ኢና ሊላሂ" ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። "እንግዲህ ቁልቁለቱን ማን ይይዛል?" አለ። የጠየቀው እኔን አልነበረም።

"እመጣለሁ" አልኩት።

በማግስቱ ያንን ወገን ለሦስት ሆነን ያዝነው፤ ክዳኑንም እንደምንም አዲሱ ቦታ አደረስነው።