ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን ጨዋታ

እህቴ ኡምኩልሱም ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ግን ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ የሚሰማ ሴት ነበረች። በሁለት ሺህ ስድስት ከጂዳ ጠርዘው ሲመልሷት፣ ሌላው ብርድ ልብስና ሻንጣ ተሸክሞ ሲገባ እሷ አንድ ፕሌይስቴሽን በፎጣ ጠቅልላ መጣች። እናታችን "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት እቃ ነው?" ብትላት "እንጀራዬ ነው እማ" አለቻት። ወላሂ አልዋሸችም። በወሩ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ጠርጋ፣ ሁለት አግዳሚ አስገብታ ጌም ቤት ከፈተች። ሴት ጌም ቤት ከፈተች ተብሎ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም አማት። "ካሙኝ ልጆቻቸውን አይላኩ!" አለች። ላኩ።

የቤቱ ደንብ አንድ ነበር፤ የተሸነፈ ይለቃል። ጨዋታው ኳስ ስለሆነ በየአሥር ደቂቃው አንዱ እያጉረመረመ ይነሳል፣ ከአግዳሚው ሌላው ይተካል። ያን ግፊያና ጩኸት ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይባባል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ከትምህርት ስመለስ ተራ አስጠባቂዋ እኔው ነኝ። አመለኛ ነበርኩ፤ ተራ የዘለለውን ጆሮውን ይዤ ነበር የማስወጣው።

አዲስ ሲዲ ሲመጣ ደግሞ የሚፈርደው አለምነው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ቀጭን ልጅ፤ አንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ይጫወትና "ይያዝ" ወይም "ይመለስ" ይላል፤ አለቀ። አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። ችግሩ ማንም አይችለውም፤ ስለዚህ ማንም ከሱ ጋር መጫወት አይወድም። ገና ጆይስቲክ ሲያነሳ ልጆቹ "ኤጭ፣ መጣ ደግሞ!" ብለው ይበተኑ ነበር።

በዓመቱ መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ስክሪን ያለው ጌም ቤት ተከፈተና አግዳሚያችን ሳሳ። የእህቴም ድምፅ ቀነሰ። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች "ይሄ ቤት ከተዘጋ እኔ ተመልሼ አረብ አገር ነኝ" አለችኝና ለቀማዋን ቀጠለች። ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክ ያሳደገችኝን እህት ገና አግኝቼ ሳልጠግባት! ደነገጥኩ።

ደሴ ሄዳ አንድ ሲዲ ይዛ ተመለሰች። ነጋዴው እስከ ቅዳሜ ሞክሪው ብሏታል፤ ከወደደችው በምትኩ አዲሱን የኳስ ሲዲ ትሰጠዋለች፣ ለኛ የሚቀረን ተጫዋቾቹ ገና በድሮ ክለባቸው ያሉበት አሮጌው ብቻ ነው። "ለሁለት ሰው ነው አሉኝ፤ ተጋግዘው ይተኩሳሉ፣ የጣሉትን ጠላት መሣሪያ እየለቀሙ ይሄዳሉ" አለች። አለምነው ከልጆቹ አጋር ፈለገ። "ማን ነው የሚያሸንፈው?" አሉት። "ሁለታችንም" ሲላቸው "ታዲያ ምኑን ጨዋታ ሆነ!" ብለው ሳቁበት። ሳቃቸው አናደደኝና ጆይስቲኩን እኔ አነሳሁት።

አቤት! ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ላይኛው የሱ፣ ታችኛው የኔ። አሸዋማ አገር ነው፤ ከየፍርስራሹ ጭንብል ያጠለቁ ሽፍቶች ይወጣሉ፤ ሳጥን ስንከፍት መሣሪያ ይዘረገፋል፤ ነጭ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ወርቅማ። አለምነው እንደ ልማዱ እየተጫወተ ይፈርዳል፤ "ሽፍቶቹ ይደጋገማሉ። ታሪኩ ራስም ጅራትም የለው። መሣሪያው ግን... አይ መሣሪያው!" እውነቱን ነው፣ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ የሚቀጥለው ሳጥን ውስጥ ምን ይኖር ይሆን ሲሉ ቀኑ ያልቃል። የመጀመሪያውን ወርቅማ እኔ አይቼው እሱ ቀድሞ ሲያነሳው "አንተ ስግብግብ!" ብዬ በክርኔ ደቃሁት። ሳቀና ጣለልኝ። ከዚያ ወዲያ ወርቅማ በተራ ሆነ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ አንዱ ተመትቶ ሲወድቅ ለመሞት ጥቂት ሰከንድ አለው፤ ጓደኛው ሮጦ ከደረሰለት ይተርፋል። ያ ማንም የማይችለው አለምነው "ሁዳ ድረሺልኝ! ኧረ በማርያም!" እያለ ሲጮህ፣ እኔ በጥይት መሀል እየሮጥኩ "መጣሁ፣ መጣሁ፣ እንዳትሞትብኝ!" እላለሁ። እህቴ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር።

ሦስት ቀን እንዲህ ሄደ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እህቴ "እህሳ፣ ፈራጁ?" አለችው።

አለምነው ጆይስቲኩን አስቀምጦ መሬት መሬት አየ። "እትዬ ኩልሱም፣ እኔ በዚህኛው አልፈርድም። በጣም ወድጄዋለሁ። እንዲህ ወድጄው ልክ አልናገርም። ሁዳ ትናገር።"

ዞራ አየችኝ። እኔ አውቅ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከኛ በቀር ጆይስቲክ የነካ የለም፤ የሚሸነፍ ከሌለ የሚለቅ የለማ። አግዳሚው ላይ የቀሩት ሁለት ልጆች ናቸው፣ እነሱም እያዛጉ። ይህን ሁሉ እያየሁ አፌ "ይያዝ" አለ። እህቴ አዲሱን የኳስ ሲዲ በላስቲክ ጠቅልላ በማግስቱ ደሴ ወሰደችው።

ቤቱ ሦስት ወር አልቆየም። ኡምኩልሱም ኩዌት ሄደች። ፕሌይስቴሽኑን እንድትሸጠው ብንለምናት እምቢ ብላ ለኔ ተወችው። አለምነው ሁለት ሦስቴ መጥቶ ነበር፤ "ራሴን ያመኛል" እያልኩ መለስኩት። ኋላም እሱ ሥራ አግኝቶ ኮምቦልቻ ገባ። ማሽኑን ባየሁት ቁጥር ያቺ "ይያዝ" ያልኳት ቃል ትመጣብኛለች።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ በረመዳን፣ እህቴ ከኩዌት ደወለች። አልቻልኩም፣ ተነፈስኩት። "እታለም፣ ያኔ ይያዝ ያልኩት ለራሴ ብዬ ነው። እንደማይሆን አውቅ ነበር።"

ሳቀች፤ ያ የድሮ ድምጿ። "አንቺ ጅል! እኔስ የማላውቅ መሰለሽ? ሦስት ቀን አግዳሚውን አይደል እንዴ ሳይ የዋልኩት። ቤቱ እንደሆነ ያ ሲዲ ባይያዝም አይተርፍም ነበር። አንቺን ግን ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም።"

ማልቀሴን እንዳትሰማ ስልኩን ከአፌ አራቅሁት።

"ለመሆኑ ጨረሳችሁት?" አለችኝ።

እሷ ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልከፈትነውም። "ጨረስነው" አልኳት።

"እሰይ! መጨረሻው ምንድን ነው?"

"ሁለቱም በሰላም አገራቸው ይገባሉ።"

"አሚን" አለች እህቴ።