ላይል ለቬልዳ የለቀመላት ቀለህ

ቬልዳ ሶረም ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ አጥር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጣች። እዚህ ሞንታና ጡረታ የወጣች ሴት ወይ ብርድ ልብስ ትሰፋለች ወይ ሐሜት ትለቅማለች። ቬልዳ ግን ጥይት ትሠራለች። መኪናዋ ከጋራዡ ተባሮ ውጭ በረዶ ይወርድበታል፤ በቦታው ረጅም ጠረጴዛ፣ በብሎን የታሰረ መጭመቂያ፣ ሚዛንና የባሩድ ቆርቆሮ ገብቷል። የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ቅርጹን ትመልሳለች፣ ከዚያ አዲስ ባሩድና አረር ትሞላበታለች። ይህን አገሩ ሁሉ ይሠራዋል፤ እንደ እሷ ቀለህ የሚመርጥ ግን የለም።

ተኩስ ሜዳ ላይ ብታዩዋት ትስቃላችሁ። ሌላው ዒላማውን ሲያይ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ቀለህ ስታገኝ ቂጡ ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ምልክት ታነባለች፣ አንገቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ በጥፍሯ ትዳብሳለች፣ ከዚያ አንድ ዓይኗን ጨፍና ውስጡን በብርሃን ታያለች። አብዛኛው የሚወድቀው መጣያ ውስጥ ነው። ባሏ ሃሮልድ ከሞተ ወዲህ ወንዱንም እንዲሁ መጣያ ውስጥ ነው የምትጥለው እያልኩ አበሽቃታለሁ።

ላይል ሄግስታድ ግን ተስፋ አልቆረጠም። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ግዙፍ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በፀደይ፣ በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ፣ እንድታገባው ጠየቃት። እሷም የፖም ኬክ እየቆረሰች «እስቲ እናያለን» አለችው። ስታይ ስታይ በጋው አለቀ። አሪዞና ያለች ልጁ ደግሞ «አባዬ፣ የበረዶውን ወራት ብቻህን አታሳልፍም፤ ቤቱን ሸጠህ እኔ ጋ ና» እያለች ትጨቀጭቀዋለች። በመኸር የአደን ወቅት ሲከፈት መልስ እሰጥሻለሁ ብሏታል። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አንጀቴን በላው።

«ታዲያ ይህን ለቬልዳ አትነግራትም፣ አንተ ግንድ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ስጦታ ላዘጋጅላት፣ አርዲስ።»

«ምን?»

«ቀለህ።»

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ዋጥኩት። ደግሞስ አበባ ቢያመጣላት ለፍየሎቿ ነበር የምትሰጠው።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ቬልዳ ጋራዡ ውስጥ ሆነን ላይል የጫማ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ሲከፍተው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቀለሆቹ እንደ ሠርግ ቀለበት ያበራሉ። ሁሉም ያንድ ፋብሪካ ናቸው፤ በጋውን ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲል የከረመው ለዚህ ኖሯል። ቬልዳ አንዱን አነሳች፣ ምልክቱን አየችና ራሷን በደስታ ነቀነቀች። ላይል ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወስዳ ውስጡን አየችው። ውጩ ያበራል እንጂ ውስጡ ጠቁሯል።

«ላይል፣ በምንድን ነው ያደረቅካቸው?»

«ካጠብኳቸው በኋላ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነሳ እሳቱን እስከ መጨረሻ አዙሬው ኖሯል። ግን መልሼ አሽቼ አሽቼ አሳመርኳቸው።»

ቬልዳ ፒንሳ አነሳች። ቀለሁን ጨብጣ ጭፍልቅ አደረገችው። ሁለተኛውንም ጭፍልቅ! ላይል እንደ ቆመ ደርቆ ቀረ።

«አንቺ ሴትዮ አበድሽ እንዴ!» ጮህኩባት። «ሰውየው እኮ ወገቡ እስኪቆረጥ የለቀመው ነው! ይኸው አሪዞና ሊሄድልሽ ነው፣ ልጁ ጋ! አደን ሲከፈት መልስ ሊሰጣት ነው!»

«ዝም በይ አርዲስ! ቂጡ በእሳት ለስልሷል። ባሩዱን አይችልም፤ ወደ ኋላ ፈንድቶ የተኳሹን ፊት ያጠፋዋል።» ፒንሳውን ጥላ ክንዱን ጨበጠችው። «ላይል፣ ከነዚህ የተኮስከው አለ? ንገረኝ!»

«ኧረ የለም። ላንቺ እኮ ነው።»

«ተመስገን» አለችና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ትወደዋለች! ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም፤ እሷ አፍ የላትም?

«ና ተቀመጥ» አለችው በመጨረሻ። «ጥይት ሠርተህ ከመሞትህ በፊት ቀለህ መምረጥ ተማር።» የራሷን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት፤ ጫፏ የታጠፈች ቀጭን ሽቦም ሰጠችው። «ውስጡን ዳብሰው። ከቂጡ ከፍ ብሎ ሽቦዋን የሚይዝ ቦይ ካለ ሊበጠስ ነውና ጣለው።»

ላይል በዚያ የአካፋ እጁ ሽቦዋን ይዞ ቀለሁን ይቆሰቁሰው ጀመር።

«ቀስ በል፣ ጉድጓድ እየቆፈርክ አይደለም!»

«ጉድጓድ ቢሆንማ ውሃ ሳላወጣ መቼ እለቀው ነበር።»

ቬልዳ ሳቀች። ሃሮልድ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ላይል በየቀኑ እየመጣ አጠገቧ ተቀምጦ የራሱን ጥይት ሠራ፤ እኔም ምሳ ሳቀብላቸው ሰነበትኩ።

አደን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ከተማው ሁሉ ጠመንጃውን ሊሞክር ተኩስ ሜዳ ወጣ። እዚህ አገር ሰው መኪናውን ያውስሃል፣ ትራክተሩን ያውስሃል፤ ሌላ ሰው ቤቱ የሠራውን ጥይት ግን ማንም አይተኩስም። ባሏ ሃሮልድ የሠራውን እንኳ ቬልዳ አንድ ቀን ተኩሳ አታውቅም። ያን ቀን የራሷ ሣጥን ፊቷ ተከፍቶ ሳለ እጇን ወደ ላይል ሣጥን ዘረጋች። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩዋት።

«እሱ እኮ የኔ ነው» አለ ላይል፣ የተሳሳተች መስሎት።

«ዓይን አለኝ።»

ጥይቱን አጎረሰች፣ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አስደገፈች፣ ጣቷን ምላጩ ላይ አሳረፈች። ጆሮዬን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጥይቱ ጮኸ። ስገልጠው ቬልዳ ጠመንጃዋን አስቀምጣ ላይልን እያየችው ነው።

«ደውልና ለልጅህ አልመጣም በላት» አለችው። «ይልቅ እሷ ለሠርጉ ትምጣ።»

ላይል ስልኩን ቢያወጣም ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተ። የደወልኩለት እኔ ነኝ።