ከየት መጣች?

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሹፌሩ ከመናኸሪያው ጎን ያለችው ጌም ቤት ይገባል። የዘወትር ተሳፋሪው ነኝና እኔም እዚያው አረፍ እላለሁ። የመኪናው ቁልፍ ከሹፌሩ ጣት አይለይም። አዲሶቹን ጌሞች ዞር ብሎ አያያቸውም፤ የሚጠይቀው እየሮጡ የሚተኩሱበትን የድሮውን የካሴት ጌም ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳውን ተደግፎ ነበር የሚጫወተው። ወታደሩን እያስሮጠ፣ እያዘለለ፣ ትንንሾቹን ነጭ ጥይቶች ሁሉ ያመልጣቸው ነበር። ከዚያ ወንበሩን ቀስ በቀስ እያስጠጋ መጣ። ዛሬ ጉልበቱ ቴሌቪዥኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ወታደሩ በአንዲት ጥይት ተመትቶ ወደቀ።

"ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?" አለ።

"ጋሼ፣ ከፊት ለፊትዎ እኮ ነው የመጣችው!" ብላ ሳቀች የጌም ቤቱ ባለቤት። "ኧረ መነጽር ይግዙ!"

"ቀስ በይ አንቺ፣ ሰው ይሰማል" አላት። እሱ አልሳቀም። ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና "እስቲ አንዴ ድገሚልኝ፤ ይቺን ካለፍኩ ደህና ነኝ" አለ።

እንደገና ጀመረ። ጥይቷ ስትመጣ እኔ አየኋት። እሱ አላያትም።

ከውጭ አንዲት ሴትዮ "ኧረ ሹፌር፣ ሞልቷል!" ብላ ተጣራች።

ቁልፉን ጨብጦ ወጣ። ተከትዬው ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁና ልክ ከኋላው ተቀምጬ፣ መንገዱን አብሬው ማየት ጀመርኩ።