ሦስት ነጠላ፣ አንድ ቋጠሮ

አርብ ገበያ ላይ በተጠራ ስብሰባ «ይሄ ልክ አይደለም» በማለቴ ያዙኝ። የከተቱኝ ክፍል ቀድሞ የእህል ማከማቻ ነበር፤ የገብሱ ብናኝ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም። በሩ ተዘግቶብኝ ሳስነጥስ ከጨለማው «ይማርሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማሆይ ናቸው፤ የሚፈለግ ሰው አሳድረዋል ተብለው ታስረዋል። አጠገባቸው ከወገዳ የመጣች የኤሌክትሪክ ተማሪ ተቀምጣለች። የእሷ ጥፋት ስልኳ ላይ የጻፈችው ነገር ነው።

ልጅቱ በማግስቱ የሙያ ምዘና አለባት። በአጃቢ ሄዳ እንድትፈተን ተፈቅዶላታል፤ ካመለጣት የተማረችው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። «ለእናንተ ማስረዳት ከቻልኩ ለመዛኙም አያቅተኝም» ብላ ያዘችን።

«በሦስቱ ሽቦዎች እኩል ከረንት ሲሄድ፣ በአራተኛው፣ በኒውትራሉ፣ ምንም አይሄድም።»

«ታዲያ የሦስቱ የት ገባ?» አሉ እማሆይ።

«እርስ በርሱ ይጠፋፋል።»

«ሦስት ወንዝ ተገናኝቶ ደረቀ ልትይኝ ነው?»

 ልጅቱ የሦስታችንን ነጠላ ጫፍ አንድ ላይ ቋጠረችና በሦስት ማዕዘን ቆመን ሳብን። እኩል ስንስብ ቋጠሮው መሀል ላይ ቀጥ አለ።

«ሁላችንም እየሳብን ነው፤ ቋጠሮው ግን የትም አልሄደም። እማሆይ፣ እስቲ ላላ ያድርጉት።»

ቢያላሉት ወደ እኛ ሸሸ።

«አሁን ሚዛኑ ተዛባ። ይህን ትርፍ የሚሸከመው ኒውትራሉ ነው። እማሆይ ሲሰንፉ መጣ።»

«ስንፍና አይደለም፤ ጾም ነው።»

በሩ ተከፈተ። ጠባቂው የተቋጠረውን ነጠላ አየ። «የማምለጫ ገመድ ነው? በቃ፣ ነገ ፈተና የለም።»

የልጅቱ ፊት ጠቆረ። እማሆይ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉለት። «ና ልጄ፣ ያዝ።» ግራ ገብቶት ያዘና ሳበ፤ ቋጠሮው ደረቱ ላይ ደረሰ። «ቀስ በል፤ አገሩን መብራት ታሳጣዋለህ።»

ሳቅ አመለጠው። «የእኛ ሰፈር መብራት ማታ ማታ የሚፈዘውስ?»

«ሰው ሁሉ ከቅርቡ ሽቦ ቀጥሎ ይሆናላ» አለች ልጅቱ። «አንዱ ሽቦ ይሸከማል፣ ሁለቱ ተቀምጠው ያያሉ።»

ጫፉን ለእማሆይ መለሰ። «ፍቱትና አስቀምጡ። አንቺ ጠዋት በጊዜ ተነሺ።»

በማግስቱ ከምዘናው ስትመለስ በር ላይ ጠበቅናት። «አስረዳሽ?» አልኳት።

«እጄ በካቴና ነበር፣ እትዬ። ያለ እጅ አይገለጽም፣ ፍቱልኝ አልኳቸው።»

«ፈቱሽ?»

«እስክጨርስ። እኔም ረዘም አደረግሁት።»

ሦስታችንም ከወጣን ቆየን። ልጅቱ ምዘናውን አልፋ፣ ዛሬ እስቴ ውስጥ የወፍጮ ሞተር ትገጥማለች። ሰው ስለ እስሩ ሲጠይቀኝ የሚያስለቅስም አላጣም፤ እኔ ግን የምጀምረው ከዚያ የምዘና ክፍል ነው። አልነበርኩበትም። ቢሆንም እጆቿን በዓይኔ እንዳየሁ አድርጌ ነው የማወራው።